የኤሲ ካፓሲተር ሲበላሽ፦ ከምርመራ እስከ መቀየር ለአዳማ ቤቶች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ሞቃት ወራት አዳማ ውስጥ ኤሲ የሚያስቸግርበት ቤት ብዙ ነው፤ ምልክቱም አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። የውስጡ ክፍል አየር ይነፋል፣ ሪሞቱም ይታዘዛል፣ አየሩ ግን አይቀዘቅዝም፤ ውጭ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ክፍል ደግሞ ለጥቂት ሰከንዶች እምም ብሎ ያጉረመርምና ቀጭ ብሎ ዝም ይላል። በዚህ ጊዜ ባለሙያ የጠራ ሰው ቶሎ የሚሰማው «ጋዝ አልቋል» ወይም «ኮምፕሬሰሩ ተቃጥሏል» የሚል ቃል ነው። ሁለቱም ሊደርሱ የሚችሉ ብልሽቶች ናቸው። ነገር ግን ወደ ኤሲው የሚገባው ቮልቴጅ እና ኮምፕሬሰሩን የሚያስነሣው ካፓሲተር ማይክሮፋራድ (የአቅሙ መለኪያ) ሳይለኩ ማንም ሰው ጋዝ ለማስሞላትም ሆነ ኮምፕሬሰር ለማስቀየር መስማማት የለበትም። ካፓሲተር ከኮምፕሬሰር ጋር ሲነጻጸር እጅግ ርካሽ ዕቃ ነው፤ ለመቀየርም ረጅም ጊዜ አይፈልግም።

ይህ መመሪያ የሚያገለግለው በ220 ቮልት ለሚሠራ፣ ኢንቨርተር ላልሆነ ተራ ስፕሊት ኤሲ ነው። ኢንቨርተር፣ ማለትም የኮምፕሬሰሩን ፍጥነት በኤሌክትሮኒክ ቦርድ የሚቀያይር ኤሲ፣ የኮምፕሬሰር ካፓሲተር የለውም፤ በቦርዱ ላይ የተበየዱት ካፓሲተሮች ደግሞ ብሬከሩ ከጠፋ በኋላም ለደቂቃዎች ከ300 ቮልት በላይ ሊይዙ ስለሚችሉ ሙሉ በሙሉ ለባለሙያ መተው አለባቸው። የትኛው ዓይነት እንደሆነ በስም ሰሌዳው ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ካፓሲተሩ ምን እንደሚሠራ እና ለምን እንደሚደክም

ለአብዛኛው ቤት የሚገባው መብራት ባለ አንድ ፌዝ ነው። አንድ ፌዝ ብቻውን ሞተርን ያንቀጠቅጣል እንጂ ከቆመበት አያስነሣውም፤ ስለዚህ በኮምፕሬሰሩ ውስጥ ሁለት የሽቦ ጥምጥሞች ይኖራሉ፣ ካፓሲተሩም ከሁለተኛው ጥምጥም ጋር በተከታታይ ተያይዞ በዚያ በኩል የሚያልፈው ከረንት ከዋናው ጥምጥም ከረንት በጊዜ እንዲቀድም ያደርገዋል። ሞተሩ ለመነሣት የሚያስፈልገውን ጉልበትና የሚዞርበትን አቅጣጫ የሚያገኘው ከዚህ የጊዜ ልዩነት ነው። ከተነሣ በኋላም ካፓሲተሩ ከመስመር አይወጣም፤ ኤሲው እስከሠራ ድረስ አብሮ ይሠራል። ወደ ማሞቂያ ሲቀየርም የሚሠራው ያው ኮምፕሬሰር ስለሆነ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ቀዝቃዛ ሌሊቶች ማሞቂያው እምቢ ቢል ምክንያቱ ይኸው ካፓሲተር ሊሆን ይችላል።

በውስጡ ያለው በጣም ስስ የፖሊፕሮፒሊን ፕላስቲክ ሲሆን፣ ላዩ ከእርሱ በባሰ ስስ ብረት ተለብጦና ተጠቅልሎ በአሉሚኒየም ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጧል። ከፍተኛ ቮልቴጅ ሲመጣ ፕላስቲኩ በአንድ ነጥብ ላይ ይበሳል፤ በነጥቡ ዙሪያ ያለው ብረት ወዲያው ተንኖ ስለሚጠፋ የተበሳው ቦታ ከቀሪው ይለያል፣ ካፓሲተሩም ሥራውን ይቀጥላል። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ከአቅሙ ላይ ጥቂት ይቀንሳል። በዚህ ምክንያት ካፓሲተር ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን አይሞትም፤ ከ35 ወደ 33፣ ከ33 ወደ 30 እያለ ለወራት ይወርዳል፣ ባለቤቱ የሚያውቀው ግን ኮምፕሬሰሩ መነሣት ያቃተው ዕለት ነው።

ይህን መዳከም የሚያፋጥኑት ሙቀት፣ የቮልቴጅ መዋዠቅ እና መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ኮምፕሬሰሩ ሳያርፍ እንደገና ለመነሣት የሚያደርገው ሙከራ ናቸው። አዳማ ላይ ሌላም የሚጨመር ነገር አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች አየር ወደ 15 በመቶ ያህል የሳሳ ነው፤ የውጪው ፋን በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ያን ያህል ሙቀት አይሸከምም ማለት ነው። በዙሪያዋ ባሉት ኮረብታዎች ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች እንዲተከሉ ያደረገው ነፋስ ደግሞ አቧራውን እያነሣ በውጪው ክፍል ክንፎች መሐል ይጠቀጥቀዋል። የታፈነ ክፍል ይግላል፣ የጋለ ክፍል ውስጥ ያለ ካፓሲተርም ዕድሜው ያጥራል።

ከመክፈትዎ በፊት የሚታዩ ምልክቶች

በመጀመሪያ ኤሲውን ያስነሡና ከውጪው ክፍል አጠገብ ቆመው ያዳምጡ። ፋኑ በደንብ እየዞረ ኮምፕሬሰሩ ብቻ አጉረምርሞ የሚቆም ከሆነ ጥርጣሬው በኮምፕሬሰሩ ካፓሲተር ላይ ይወድቃል። ኮምፕሬሰሩ ተነሥቶ ፋኑ የማይዞር ወይም ተጎትቶ የሚዞር ከሆነ ደግሞ የፋኑን ትንሽ ካፓሲተር መጠርጠር ተገቢ ነው፤ በዚህ ጊዜ ኤሲውን ቶሎ ያጥፉት፣ ያለ ፋን የሚሠራ ኮምፕሬሰር በደቂቃዎች ውስጥ ከመጠን በላይ ይሞቃልና። ፋኑን በእንጨት ገፍቶ ማስነሣት በየሰፈሩ የተለመደ ሙከራ ነው፤ እጅንም ፋኑንም ለአደጋ ስለሚያጋልጥ አልመክረውም። መብራቱን አጥፍተው ፋኑን በእጅዎ ማዞር ይበቃል፦ ያለ ችግር ከዞረ ሞተሩ አልተጣበቀም፣ ከከበደ ግን ችግሩ የኩሽኔታ እንጂ የካፓሲተር አይደለም።

ቮልቴጅ ሳይለካ ወደ ሚቀጥለው ደረጃ መሄድ ተገቢ አይደለም። የሞተር የመነሻ ጉልበት ከቮልቴጁ ጋር በቀጥታ ሳይሆን በካሬው ስለሚቀንስ፣ 220 የነበረው ወደ 180 ቮልት ሲወርድ ጉልበቱ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ በሚለኩስበት ሰዓት የማይነሣ፣ ሌሊት ግን ያለ ችግር የሚነሣ ኤሲ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የመስመር ነው። ቮልቴጁ ከ198 እስከ 242 ባለው ክልል ውስጥ መሆኑን ኤሲው ቆሞ ሳለም ኮምፕሬሰሩ ለመነሣት በሚሞክርበት ቅጽበትም ይመልከቱ። ኤሲው ቆሞ ሳለ 220 የነበረው በመነሻው ቅጽበት ወደ 170 የሚወድቅ እና ሳይነሣ እዚያው የሚቆይ ከሆነ፣ ከቆጣሪው እስከ ኤሲው ያለው ሽቦ ቀጥኗል ወይም አንድ ቦታ ላይ መገናኛው ላልቷል።

ደኅንነት፦ ሳይሟላ ወደ ሥራ የማይገባበት ክፍል

ካፓሲተር መብራት ከጠፋም በኋላ ኤሌክትሪክ ይይዛል። በኤሲው ሥራ ጊዜ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ያለው ቮልቴጅ ከመስመሩ 220 ቮልት ከፍ ያለ ነው፤ እጅ ቢነካው ልብን ሊያውክ ወይም ሰውን ከመሰላል ሊጥል ይችላል። የውጪው ክፍል ከመሬት ተነሥቶ በማይደረስበት ፎቅ ላይ ከተሰቀለ፣ ወይም መልቲሜትር መጠቀም የማይችሉ ከሆነ፣ ይህን ጽሑፍ ባለሙያው የሚሠራውን ለመከታተል ይጠቀሙበት እንጂ ራስዎ አይክፈቱት።

በሪሞት ማጥፋት ብቻ በቂ አይደለም። ለኤሲው የተለየውን ብሬከር ያጥፉ፣ ሌላ ሰው እንዳያበራውም በናስትሮ ያሽጉት ወይም አጠገቡ ሰው ያቁሙ። ከዚያም የውጪው ክፍል የሽቦ መገናኛ ላይ በመልቲሜትር ይለኩ፦ በፌዝና በኒውትራል መካከል፣ በፌዝና በኧርዝ መካከል፣ በኒውትራልና በኧርዝ መካከል። ሦስቱም መለካት ያለባቸው በምክንያት ነው። ባለ አንድ እጅ ብሬከር በስህተት በኒውትራሉ ላይ ተገጥሞ ከሆነ ብሬከሩ ጠፍቶም ፌዙ ሕያው ሆኖ ይቆያል፤ በፌዝና በኒውትራል መካከል ያለው ንባብ ዜሮ ቢሆንም ሽቦው ይገድላል። መልቲሜትሩ ራሱ እንደሚሠራ ከመለካትዎ በፊትም በኋላም ሕያው በሆነ ሶኬት ላይ ያረጋግጡ።

መክፈት እና የያዘውን ኤሌክትሪክ ማስወጣት

የውጪውን ክፍል የላይኛውን ወይም የጎኑን ክዳን በካቻቪቴ ይክፈቱ፣ ቪቶቹንም በአንድ ዕቃ ውስጥ ያኑሯቸው። የኮምፕሬሰሩ ካፓሲተር የአሉሚኒየም ቆርቆሮ የለበሰ ክብ ዕቃ ሲሆን በብረት ቀለበት ታስሮ ይቀመጣል፤ የፋኑ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ትንሽ ጥቁር ባለ አራት ማዕዘን ፕላስቲክ ነው። በአንዳንድ ኤሲዎች ሁለቱ በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ ተጣምረው ሦስት ተርሚናል ይኖራቸዋል፦ የጋራው «ሲ»፣ የኮምፕሬሰሩ «ኸርም»፣ የፋኑ «ፋን» ተብለው በላቲን ፊደል ተጽፈውባቸዋል።

ከመንካትዎ በፊት በዓይንዎ ይመርምሩት። የቆርቆሮው አናት ጠፍጣፋ መሆን ሲገባው ወደ ላይ ካበጠ ካፓሲተሩ አብቅቶለታል፤ እብጠቱ በውስጥ ግፊት ሲጨምር መገናኛውን ለመበጠስ ሆን ተብሎ የተሠራ መከላከያ ነው። የዘይት ርጥበት፣ የጠቆረ ተርሚናል፣ የቀለጠ የሽቦ ልባስ ካዩም ውሳኔው ቀላል ይሆናል። ቆርቆሮው ደኅና መስሎ መታየቱ ግን ምንም ማረጋገጫ አይደለም፤ ከደከሙት ብዙዎቹ ከውጭ ሲታዩ አዲስ ይመስላሉ።

ኤሌክትሪኩን ለማስወጣት 20,000 ኦም እና 5 ዋት የሆነ ሬዚስተር ሁለት የተሸፈኑ ሽቦዎች አስይዘው፣ በተርሚናሎቹ መካከል ለ10 ሰከንድ ያህል ያገናኙ። ሬዚስተር ከሌለ ባለ ክር የድሮ 220 ቮልት አምፖል በመያዣው ላይ ሁለት ሽቦ ተደርጎለት ያገለግላል፤ ኤልኢዲ አምፖል ግን አይሆንም። ባለ ሦስት ተርሚናል ከሆነ ሦስቱንም ጥንዶች ያዳርሱ። በመጨረሻም መልቲሜትሩን በቀጥተኛ ቮልት ላይ አድርገው ንባቡ ወደ ዜሮ መቅረቡን ይመልከቱ። በካቻቪቴ ጫፍ ማገናኘት በየቦታው የሚታይ ልማድ ነው፤ ብልጭታው ተርሚናሉን ያቀልጣል፣ ደኅና የነበረውን ካፓሲተር ሊጎዳ ይችላል፣ ዓይንንም ያሰጋል። ስለዚህ ባለሙያው እንዲህ ሲያደርግ ካዩ ያስቁሙት።

ሽቦ ከመንቀልዎ በፊት በስልክዎ ከሁለት አቅጣጫ ፎቶ ያንሡ፣ በእያንዳንዱ ሽቦ ላይም ናስትሮ ጠቅልለው የተርሚናሉን ስም ይጻፉበት። በቀለም ብቻ አይተማመኑ፤ ከዚህ ቀደም ጥገና የተደረገለት ኤሲ ውስጥ ቀለሞች ተቀይረው ይገኛሉ። ሽቦውን ሳይሆን የብረቱን መሰኪያ በፒንሳ ይዘው ያውጡ።

መለካት እና መፍረድ

ካፓሲተር የሚለካ መልቲሜትር ያስፈልጋል፤ ሲገዙ ወይም ሲዋሱ እስከ 100 ማይክሮፋራድ የሚያነብ መሆኑን ይጠይቁ፣ እስከ 20 ብቻ የሚያነቡ ርካሽ መሣሪያዎች ለኮምፕሬሰር ካፓሲተር አያገለግሉም። በኦም የሚደረገው የቀድሞ ሙከራ፣ ማለትም የመለኪያው ቀስት ወጣ ብሎ ሲመለስ «ይሠራል» ማለት፣ የሚለየው ጨርሶ የተበጠሰውን እና ሾርት ያደረገውን ብቻ ነው። ወደ 24 የወረደ ባለ 35 ካፓሲተር በዚህ ሙከራ ጤነኛ መስሎ ያልፋል።

በካፓሲተሩ ላይ «35 ማይክሮፋራድ፣ ሲደመር ወይም ሲቀነስ 5 በመቶ» ተብሎ ቢጻፍ ጤናማው ክልል ከ33.25 እስከ 36.75 ነው። ከዚህ ክልል በታች ሆኖ ከ10 በመቶ ያነሰ ቅናሽ ያሳየ ካፓሲተር ኤሲው ገና እየሠራ ቢሆንም ለሚቀጥለው የሙቀት ወቅት መተማመኛ አይሆንም፤ ከ31.5 በታች የሆነ ግን ወዲያው ይቀየር። የጎረቤቴ ኤሲ «ጋዝ አንሶታል» ተብሎ ሁለት ጊዜ ጋዝ ከተሞላለት በኋላ ካፓሲተሩ ሲለካ፣ 35 የሚለው 22 ሆኖ ተገኝቷል፤ ጋዙ መጀመሪያውኑ አልጎደለም ነበር። ትንሹን የፋን ካፓሲተርም አብረው ይለኩ፦ 2.5 የሚለው ከ2.38 በታች ከወረደ ፋኑ ቀስ ብሎ መዞር ይጀምራል፣ ይህም በአዳማ የሳሳ አየር ውስጥ ቶሎ ይታያል።

ባለሙያዎች ኤሲው እየሠራ ሳለ በክላምፕ ሜትርም (ሽቦውን ከውጭ አቅፎ ከረንት በሚለካ መሣሪያ) ይለካሉ። በካፓሲተሩ ሽቦ የሚያልፈውን አምፔር በ3,183 አባዝተው በተርሚናሎቹ መካከል ላለው ቮልት ያካፍሉታል፤ ለምሳሌ 4.2 አምፔር እና 370 ቮልት ከተገኘ ውጤቱ 36 ማይክሮፋራድ ይሆናል። በኢንተርኔት ቪዲዮዎች ላይ በ2,652 ሲያባዙ ይታያል፤ ያ ቁጥር እንደ አሜሪካ 60 ኸርዝ ለሚጠቀሙ አገሮች ነው፣ የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በዚያ ቁጥር የሠራ ሰው ደኅናውን ካፓሲተር ደካማ ብሎ ይጥላል። ይህ ልኬት ሕያው በሆነ ሽቦ ላይ የሚደረግ በመሆኑ ልምድ ለሌለው ሰው አይደለም።

ትክክለኛውን መግዛት

አሮጌውን ካፓሲተር ይዘው ይሂዱ። ማይክሮፋራዱ አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ «ትንሽ ከፍ ያለ ጉልበት ይጨምራል» የሚለው አባባል ስህተት ነው፣ ከፍ ያለ ካፓሲተር በሁለተኛው ጥምጥም ውስጥ ከመጠን ያለፈ ከረንት እያሳለፈ ኮምፕሬሰሩን ያግላል። ቮልቱ እኩል ወይም ከፍ ያለ ሊሆን ይችላል፦ 450 በ370 ቦታ ይገባል፣ 370 ግን በ450 ቦታ አይገባም። የሚጠይቁት ዕቃ የሥራ ካፓሲተር ነው፤ በፕላስቲክ ቆርቆሮ የሚመጣው የመነሻ ካፓሲተር ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ እንዲሠራ የተዘጋጀ ስለሆነ በዚህ ቦታ ከገባ ይፈነዳል።

በካፓሲተሩ ገጽ ላይ የሚገኙ ሁለት ሌሎች ጽሑፎችም ሊታዩ ይገባል። አንደኛው የሚችለው የሙቀት መጠን ነው፤ 70 እና 85 ዲግሪ ከተገኙ ባለ 85ቱን ይምረጡ። ሁለተኛው የዕድሜ ደረጃው ነው፦ «ኤ» 30,000 ሰዓት፣ «ቢ» 10,000 ሰዓት፣ «ሲ» 3,000 ሰዓት ማለት ነው። ደረጃው ያልተጻፈበት ዕቃ ሲያጋጥም ዋጋው ቢቀንስም አይቸኩሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከመክፈልዎ በፊት እዚያው ሱቅ ውስጥ ያስለኩት፤ ለማስለካት እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ ይሂዱ።

የሚፈልጉት ቁጥር ከጠፋ ሁለት ካፓሲተሮችን ትይዩ አድርጎ ማገናኘት ይቻላል፤ 20 እና 15 አንድ ላይ 35 ይሆናሉ፣ የሚችሉት ቮልት ግን የአነስተኛው ነው። ሁለቱም በደንብ ሊታሰሩ የሚችሉበት ቦታ እስካለ ድረስ ይህ ተቀባይነት ያለው መፍትሔ ነው።

መግጠም እና መሞከር

አዲሱን በብረት ቀለበቱ ያጥብቁት፤ ልል የሆነ ካፓሲተር በንዝረት ሽቦውን ይበጥሳል። ሽቦዎቹን በፎቶውና በናስትሮው መሠረት ይመልሱ። በአንድ ተርሚናል ላይ ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት መሰኪያዎች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ሁሉም አንድ ነጥብ ስለሆኑ ከነሱ መካከል የትኛውም ቢመረጥ ለውጥ የለውም። መሰኪያው ሲገባ መያዝ አለበት፤ በጣት ሲነካ የሚወዛወዝ ከሆነ አውጥተው በፒንሳ በስሱ ጫን ያድርጉት፣ የጠቆረ ከሆነ ደግሞ ቆርጠው አዲስ ያስገጥሙ። አዲስ ካፓሲተር በላላ መሰኪያ ላይ መግጠም በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሶ የሚመጣ ብልሽት መግዛት ነው፣ ምክንያቱም ልል መገናኛ ይግላል፣ ሙቀቱም ወደ ካፓሲተሩ ይወርዳል።

ክዳኑን ዘግተው ብሬከሩን ያብሩ። ኮምፕሬሰሩ በአንድ ጊዜ፣ ሳያንገራግር መነሣት አለበት። ክላምፕ ሜትር ካለ ከረንቱን ከስም ሰሌዳው ጋር ያነጻጽሩ፤ ኢንቨርተር ያልሆነ ባለ 12,000 ቢቲዩ ኤሲ በአብዛኛው 5 አምፔር አካባቢ ይወስዳል። ከ15 ደቂቃ በኋላ ወደ ውስጡ ክፍል የሚገባውና ከእርሱ የሚወጣው አየር ልዩነት ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ከደረሰ ጋዙም ደኅና ነው ማለት ይቻላል።

ኮምፕሬሰሩ አሁንም ካልተነሣ ተስፋ ከመቁረጥዎ በፊት ይጠብቁ። በተደጋጋሚ ለመነሣት ሲሞክር የነበረ ኮምፕሬሰር ውስጡ ያለው የሙቀት መከላከያ መስመሩን ይቆርጠዋል፣ እስኪበርድም ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ብዙ ጤነኛ ኮምፕሬሰር ሞተ የተባለው በዚህ ሰዓት ነው። በርዶም ካጉረመረመ ባለሙያው የሦስቱን የኮምፕሬሰር ተርሚናሎች ኦም ለክቶ ያሳይዎት፦ ሁለቱ ትናንሽ ንባቦች ሲደመሩ ትልቁን መስጠት አለባቸው፣ ከየትኛውም ተርሚናል ወደ ኮምፕሬሰሩ አካል ደግሞ ምንም ግንኙነት መኖር የለበትም። ይህ ተለክቶ ቁጥሮቹ ሳይነገሩዎት ለኮምፕሬሰር ገንዘብ አይክፈሉ።

ዳግም እንዳይበላሽ

የውጪውን ክፍል ክንፎች ከሙቀቱ ወቅት በፊት እና አቧራማው ነፋስ ካለፈ በኋላ፣ ብሬከሩን አጥፍተው ግፊቱ ባልበረታ ውኃ ያጥቡ፤ ውኃው ወደ ሽቦው በኩል እንዳይገባ ይጠንቀቁ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ከላዩ ጥላ ማድረግ ይጠቅማል፣ ከፊት ለፊቱ የሚወጣውን አየር የሚከለክል ነገር ግን አይቁም። በቤቱ ውስጥ ስታቢላይዘር ወይም የቮልቴጅ መከላከያ ካልተገጠመ ያስገጥሙ፤ መከላከያው መብራት ከመጣ በኋላ ኤሲውን ቢያንስ ለ3 ደቂቃ የሚያዘገይ መሆን አለበት፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ የጋዙ ግፊት ስለሚስተካከል ኮምፕሬሰሩ ሳይታገል ይነሣል። መከላከያ እስኪገዛ ድረስ መብራት ሲጠፋ ብሬከሩን በእጅ ማጥፋትና መብራቱ ተመልሶ ከረጋ በኋላ ማብራት ይቻላል።

አዲሱን ካፓሲተር የለኩበትን ንባብ እና የተገጠመበትን ቀን በማርከር በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ይጻፉት፤ በሚቀጥለው ዓመት በየካቲት፣ ሙቀቱ ሳይጀምር፣ ሲለኩት ምን ያህል እንደወረደ ከዚያ ቁጥር ጋር አስተያይተው ያውቃሉ።